4ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፦ ዘንድሮ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?

የሳቢያን እናት
ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2:15

የድሬዳዋ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። ዛሬ ዓርብ አይደል፣ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ጎረቤት ሮጠች። እኔም ቁጭ ብዬ ደብተሮቿን አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው።

ሒሳብ ትልልቅ ቁጥር መቀነስ ላይ ናቸው። እንግሊዝኛው ስለ ዕለት ውሎ ነው፣ ስንት ሰዓት ትነሻለሽ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ። አማርኛው ላይ የግእዝ ቁጥር ይጽፋሉ። አካባቢ ሳይንስ ስለ ከተማችን ነው፤ ባቡሩ፣ የዴቻቱ ወንዝ፣ ቆላና ወይና ደጋ። ጥበባት ላይ ካርቶን ቆርጠው የግድግዳ ሰዓት እየሠሩ ነው። ግብረ ገብ ቀጠሮ ማክበር ይላል (እስቲ ለትልልቆቹም ያስተምሩልን)። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ላይ ስለ ትንኝና ስለ በርሚል የሆነ ነገር አለ።

የተደናገርኩት እዚህ ጋ ነው። ሒሳብ ላይ «ከተማችን ድሬዳዋ ስንት ዓመቷ ነው?» የሚል የቤት ሥራ አለ። አካባቢ ሳይንስ ደብተሯ ላይ ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 ነው የሚል ጽፋለች። እሷም 2018 ሲቀነስ 1902 ብላ 116 አገኘች። ቲቸር በቀይ ኤክስ አድርጎ «እንደገና አስቢ» ብሏታል። ሦስት ጊዜ ቀነስኩት፣ 116 ነው! ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። እንግሊዝኛ ደብተሯ ላይ 12 ሰዓት እነሳለሁ ብላ ጽፋ ሰርዛ 6 አድርጋዋለች። ስትመጣ ጠየቅኳት። «እማ፣ እኔ 12 ሰዓት ነው የምነሳው። ለምን 6 ብዬ እዋሻለሁ? ግብረ ገብ ላይ አትዋሹ ተብለናል» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ባለ ባጃጁ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:31

አቦ 1902 እኮ የፈረንጅ ነው! 2018 የእኛ ነው። ብርቱካንና ድንች እየቀነሳችሁ ነው። የእኔም ልጅ እዚያው ላይ ነው የወደቀው። እኔም አብሬው ወድቄ ሰው ነው ያነሳኝ፣ እንዳትሳቂብኝ።

ሒሳብ ጠል
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:04

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ልጆችን ማደናገር ነው። የ10 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ቁጥር ምን ይሠራለታል? አንዱን መርጠው ቢያስተምሩ ምን አለበት? መጽሐፉ እንደሆነ ለእኛ ልጆች ዘግይቶ ነው የደረሰው። ግማሹን ከሰሌዳ ነው የገለበጡት። በዚያ ላይ ይሄ ሲጨመር!

እኔ ራሴ የዚህ ነገር ሰለባ ነኝ። አንዴ ከድሬ አዲስ አበባ የምበርበት ትኬት 7:10 ይላል። 7 ሰዓት ከሆነማ ብዬ ጠዋት ተኝቼ አረፈድኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ተረጋግቼ ኤርፖርት ሄድኩ። አውሮፕላኑ ለካ ከንጋቱ 1:10 ነው የተነሳው። እኔ ምሳ ስበላ ተሳፋሪው አዲስ አበባ ገብቶ ሁለተኛ ቡናውን እየጠጣ ነበር።

የሸሚንደፈር ጡረተኛ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:40

ልጆቼ፣ ስለ ባቡር ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በፈረንጅ 1897 ነው። ድሬ የደረሰው በ1902 መጨረሻ፣ ታኅሣሥ ውስጥ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1895 ማለት ነው። እንግዲህ 2018 ሲቀነስ 1895፣ 123። ቲቸሩ የፈለገው እሱን ነው። በፈረንጁም ብትሄዱ 2025 ሲቀነስ 1902 ያው 123 ይመጣል። ሁለቱንም ከአንድ ወገን አድርጉ እንጂ አታጋቡ።

ጠንቃቃ ልጅ ከሆነች ግን ታኅሣሥ ገና አልገባምና ዛሬ 122 ሞልቷት 123ኛውን ልትጨርስ ነው ብላ ትጻፍ። ቲቸሩ ይደነግጣል።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ እዚህ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ መንግሥታቱም ተጨቃጨቁበት። አዲስ አበባ የገባው በፈረንጅ 1917 ነው። ድሬን ድሬ ያደረጋት ያ ሁሉ ዓመት ነው። ባቡሩ በቶሎ ቢያልፍ ኖሮ እኛ ጣቢያ እንጂ ከተማ አንሆንም ነበር እላለሁ፣ ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ እኛ መሥሪያ ቤት በፈረንሳይኛ ነበር የምንሠራው። መዝገብ ላይ በፈረንጅ ሰዓት እንጽፋለን፣ መስኮቱ ላይ ለቆመው መንገደኛ በሐበሻ እንነግረዋለን። ዕድሜ ልኬን ሁለቱንም ስቆጥር ኖሬ አንድም ቀን አልዋሸሁም። ለልጂቱ እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ።

ጁገል በር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:02

ከሐረር ሰላምታ። ጋሼ፣ ዋናውን ነገር ዘለሉት! ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ለእኛ ለሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት አቃተውና ሜዳ ላይ ቀረ። ምኒልክም ለአዲሱ ጣቢያ ያወጡለት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ስለዚህ ልጆቹ የሚቆጥሩት የእኛን የትንሿን እህት ዕድሜ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ግንቡን አሚር ኑር ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ የቤት ሥራው ሌላ ገጽ ይፈልጋል።

የሸሚንደፈር ጡረተኛ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:10

ልክ ነሽ ልጄ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የወጣ ሰው ያውቀዋል። መኪና ይዞርበታል፣ ባቡር ግን እንዲህ ያለ ዳገት አይወድም። ስሙን ወስዳችሁ ነበር፣ ባቡሩን ግን እኛ ወሰድነው።

ጁገል በር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:13

አየሩን ደግሞ እኛ 😄 ሙቀት ሲበዛባችሁ የምትመጡት ወደ ማን ነው?

መምህር ነኝ
ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ከረፋዱ 4:20

እኔም 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ትላንት ማታ አንብቤ ስስቅ ነበር። ከላይ ያለው የደንገጎ ክርክር ራሱ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ነው። ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ ነው፣ ከዚያ በላይ ወይና ደጋ ይመጣል። ድሬ ቆላ፣ ሐረር ወይና ደጋ። ሐረር ዘመድ ያለው ተማሪ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም፣ ሹራቡን ይዞ ነው የሚሄደው። ዴቻቱም እንደዚያው ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጆቹ «እዚህ ሳይዘንብ ጎርፉ ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው ሌሊት ወደ እኛ ይወርዳል። በ1998 ክረምት ጎርፉ ያደረሰውን እነሱ አላዩም፣ እኛ ግን አንረሳውም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ወንድሜ ሒሳብ ጠል፣ የአውሮፕላኑ ታሪክህ ሁለቱንም ለማስተማር ምክንያት ነው እንጂ ለመተው አይደለም። ልጆቹ ቤት ሲገቡ አያታቸው «1 ሰዓት ላይ ተነሱ» ይሏቸዋል፣ ስልኩ 7:00 ይላል። ሁለቱ ሰዓት አብሯቸው ነው የሚኖረው። ትምህርት ቤቱ አላመጣውም።

ዘመኑን በተመለከተ ክፍል ውስጥ የምለው ይህን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከፈረንጁ 7 ቀንሱ። ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። «ለምን ተለያየ?» የሚል ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። የክርስቶስን ልደት ዘመን እስክንድርያ ላይ ያሰሉትና ሮም ላይ ያሰሉት ሊቃውንት የተለያየ ቁጥር ስላወጡ ነው። እኛ የእስክንድርያውን ይዘን ቀረን።

ሰዓቱ ላይ ግን «6 ቀንስ» ብሎ ማስተማር አይሠራም። 7 ሲሆን 1 ይመጣል፣ ጥሩ። 2 ሲሆንስ? ከ2 ላይ 6 እንዴት ይቀነሳል? ልጁ ይቆማል። ስለዚህ እኛ በካርቶን ሰዓት ነው የምናስተምረው። ምናልባት የልጅሽም ቲቸር ያሰበው እሱን ነው።

የሳቢያን እናት
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4:47

መምህር፣ ካርቶኑ ምን ያደርጋል? እሷ ሰዓት ቆጣሪውን ጭራ አበጅታለት አየሁ። ተሳስታ መስሎኝ ልቆርጠው ነበር!

መምህር ነኝ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4:55

እንዳትቆርጪው! ነገሩ ያለው ጭራው ላይ ነው።

አጭሩን ሰዓት ቆጣሪ በመሃል ላይ በፒን ውጉትና በሁለቱም በኩል እኩል አርዝሙት። አንዱን ጫፍ ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀቡት። ቀዩ 1 ላይ ሲሆን ሰማያዊው 7 ላይ ነው። ቀዩ 8 ላይ ሲሆን ሰማያዊው 2 ላይ። ቀዩ 12 ላይ ሲሆን ሰማያዊው 6 ላይ። ቀዩ ሐበሻ፣ ሰማያዊው ፈረንጅ። መደመር የለ፣ መቀነስ የለ። ረጅሙ ደቂቃ ቆጣሪ ለሁለቱም አንድ ነው፣ አይነካም። 6 ሰዓት የ12 ግማሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ላይ ነው የሚወድቀው። በዚያው ስለ ግማሽ ዙርና ስለ 180 ዲግሪ እንነጋገራለን። ልጆቹ ሒሳብ መማራቸው ሳይታወቃቸው ነው የሚጨርሱት።

ባለ ባጃጁ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:12

ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሰዓት አሁን አየሁት። ቀኑ 6 ነው፣ ፊት ለፊቱ 12። ወላሂ ስንት ዓመቴ ነው ይህን ሳላይ 🤦

የጋላፊ ሾፌር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:30

እኔ በዚህ ነገር እበላለሁ። ጅቡቲ ስገባ ሰዓቴን አልነካውም፣ ምክንያቱም የጅቡቲም የእኛም ፀሐይ አንድ ናት። የምቀይረው አነባበቤን ነው። ወደብ ላይ 8 ላይ ና ካሉኝ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። ጀማሪ ረዳት አንዴ በሐበሻ 8 ገብቶት ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ሲያልፈን አይተናል። ያ ቀን ግብረ ገብም ሒሳብም አብሬ አስተምሬዋለሁ።

ከስቶክሆልም
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:05

የለገሃሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ስዊድን ነው ያለሁት። እዚህ ያሉት ልጆቼ «አባዬ፣ ኢትዮጵያ ለምን ሰዓቱ ልዩ ሆነ?» ሲሉኝ የምመልሰውን ልንገራችሁ።

ድሬ ላይ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ብዙም ሳትዛነፍ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አንድ ብሎ መቁጠር ይመቻል፣ ማንም ሰዓት ባይኖረው ቀና ብሎ ያውቀዋል። እዚህስ? ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእናንተ ከጠዋቱ 2:40 ገደማ ነው፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰኔ ላይ ደግሞ ሌሊት 9:30 ላይ ወጥታ ትጠብቅሃለች። ከጎህ ተነስቼ ልቁጠር ብትል በየሳምንቱ ሰዓትህ ይለያያል። የእኛ አቆጣጠር የአገራችን ፀሐይ ያመጣችው ነው። ልጆቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ብትነግሯቸው «እዋሻለሁ» አይሉም።

ሒሳብ ጠል
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

እሺ ይሄ ገባኝ። ሰዓቱን ፈቅጃለሁ። የግእዝ ቁጥሩን ግን ምን ልትሉኝ ነው? በ፻ና በ፲ ማን ሒሳብ ይሠራል?

መምህር ነኝ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:02

ማንም። እሱን ለማየት ነው የሚማሩት። 2018ን ፳፻፲፰ ብለህ ጻፍ። ከሥሩ 1895ን ፲፰፻፺፭ ብለህ ጻፍ። በል ቀንስልኝ።

ሒሳብ ጠል
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:09

…አንዱ አራት ፊደል ሌላው አምስት ነው። ከየቱ ሥር የቱን ላስቀምጥ?

መምህር ነኝ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:15

ልጆቹም እንዲህ ነው የሚሉት። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ቦታ ጠብቆ አይቆምም። ለመጻፍ፣ ለምዕራፍና ለቀን ያምራል፣ በአምድ ለመቀነስ ግን አያመችም። ከዚያ ወደ ሒሳብ ደብተራቸው ሲመለሱ ዜሮ ምን እንደሚሠራ ይገባቸዋል። 2018 ውስጥ ያቺ ባዶ የመሰለች ዜሮ መቶዎቹን ቦታ ይዛ የቆመች ናት። ይህን በቃል ብነግራቸው አይገባቸውም ነበር።

የቀፊራ ጎረቤት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:50

ሁለት ትላላችሁ፣ የእኔ ልጆች ሦስት ነው የሚቆጥሩት። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፣ ከሌላው ወደ 11 ቀን ያንሳል። አምና ረመዳን የካቲት 22 ነበር የገባው። ዘንድሮ ጨረቃዋ ትወስናለች እንጂ የካቲት 11 ገደማ ነው የሚሆነው። ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ እንቁጣጣሽና ኢድ መቼ አብረው እንደሚውሉ በወረቀት ሲያሰላ ነው የሚያመሸው። ጎረቤቱ ማርያም ሠፈር የምትኖር የክፍል ጓደኛው ደግሞ ጳጉሜን 6 የምትሆነው መቼ ነው ትለዋለች። በ2015 ነበረች፣ ቀጥሎ በ2019 ናት። ሁለቱ ተቀምጠው የየበዓላቸውን ሒሳብ ሲለዋወጡ ብታዩዋቸው! የእኔው ልጅ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚማረው፣ እሷ በአማርኛ። ሰዓት ሲቆጥሩ ግን «ሰኣቲ ቶኮ» ማለትና «1 ሰዓት» ማለት ያው ጠዋት ነው፣ አይጣሉም።

የሳቢያን እናት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:20

እናንተ ሰዎች እኔን ትምህርት ቤት መለሳችሁኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የበርሚሉ ነገር። ዛሬ ልጄ ግቢ ውስጥ ያለውን በርሚል፣ ባልዲ፣ ያረጀ ጎማ ሁሉ ስትዞር ዋለች። ክዳን የሌለው አራት ዕቃ አገኘች፣ ስማችንንም ጻፈችብን።

ጤና ኤክስቴንሽን ነበርኩ
እሁድ ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3:00

ጎበዝ ልጅ። በ2011 ክረምት ማለቂያ ድሬን ያንበረከካትን የቺኩንጉኒያ በሽታ አስታውሱ። ስንቱ ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ጎብጦ እንደ ሽማግሌ ሲሄድ ነበር። እሱንም የደንጌ ትኩሳትንም የምታስተላልፈው ትንኝ የወባዋ አይደለችም። ይህችኛዋ በቀን ነው የምትነክሰው፣ የምትራባውም ቤት ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሚል የሌለው ቤት የለም። ስለዚህ ክዳን፣ ክዳን፣ ክዳን። በሳምንት አንዴ ደግሞ ደፍቶ ማሸት ነው፣ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋልና። አጎበር ለሌሊት ነው፣ ለዚህች ብቻውን አይበቃም።

ባለ ባጃጁ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 3:22

የእኔ ጋራዥ በር ላይ ያሉት ጎማዎች… ልነሳ እንግዲህ።

የሳቢያን እናት
ሰኞ ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1:50

ወሬ ላምጣላችሁ። ልጄ የቤት ሥራዋን አስተካክላ አስረከበች። «ድሬዳዋ 122 ዓመት ሞልቷታል፣ ታኅሣሥ ላይ 123 ትሆናለች» ብላ ጻፈች። ሥሩ ላይ «ይህን የነገሩኝ የባቡር ጡረተኛ ናቸው» ብላ ጨምራለች። እኔ አላልኳትም! ቲቸር ራይት አድርጎ «እኚህን ሰው ወደ ክፍላችን መጋበዝ ይቻላል?» ብሎ ጽፏል። ጋሼ፣ ምን ይሉኛል?

እንግሊዝኛውም ላይ 6 ብላ ጻፈች፣ ጎኑ ላይ በቀይ 12። የካርቶን ሰዓቱን ኩሽና ሰቀልነው። እናቴ መጥታ አየችውና «ይሄ ሰዓት ቆሟል እኮ» አለች። ልጂቱም «አዎ እማማ፣ በሁለቱም ቆሟል» አለቻት።

የሸሚንደፈር ጡረተኛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

እመጣለሁ። በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ግን ቲቸሩ ለይቶ ይጻፍልኝ። አሮጌውን የኪስ ሰዓቴንም ይዤ እመጣለሁ፣ ልጆቹ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይስሙት።

ባለ ባጃጁ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:11

ጋሼን በነፃ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። የሳቢያኗ፣ በዚያው የ6ኛውን ጥያቄ መልስ ላኪልኝ፣ የእኔው ረቡዕ ነው የሚያስረክበው።